ጊታር ላይ የተለጠፈ ሳንባ

እኔ ልጅ ሳለሁ የአጎቴ ሳንባ ጊታሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ያየው ነገር ነው። ጊዮርጊስ ጀርባ፣ እኛ ግቢ ድረስ፣ ሽማግሌው ከነከዘራው፣ ቄሱ ከነመስቀሉ መጥተው አይተውታል፤ ከንፈራቸውን መጠውለታል። አንዳቸውም ግን ምን እያዩ እንደሆነ አላወቁም። ያወቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ጥርሴ ገና ሲነቃነቅ። ብናገር ተቆነጠጥኩ።

አጎቴ ገብረትንሣኤ የእናቴ የአሰፋች ታናሽ ወንድም ነው። ትንሤ እንለዋለን። አባቴ የአሰብ መንገድ ሎሪ ነጂ ስለነበር ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ የቤታችን ወንድ ትንሤ ነበር። ወንድ ካላችሁት እንግዲህ! እስከ ረፋድ ይተኛል። ሲነሳ ፀጉሩን በቅባት ወደኋላ ይለጥጣል፣ ሌሊቱን ፍራሽ ሥር አስተኝቶ የተኮሰውን ሱሪ ይለብስና ጊታሩን ይዞ በረንዳ ላይ ይሰየማል። ጊታሩን ያገኘው ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከገባ አንድ ጣልያን ነው። “አገኘሁት” ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ጊታሩ አንድ ነውር ነበረበት። ትንሤ ክሩን የሚመታው ከማበጠሪያ ስባሪ በሠራት መምቻ ነው፤ እጁ ደግሞ ከባድ ነው። መምቻዋ ክሩን እያለፈች ከቀዳዳው በታች ያለውን እንጨት ስትቧጭረው ቀለሙ ተልጦ ነጩ እንጨት ፈጦ ነበር።

“የደህና ሰው ጊታር እዚህ ጋ መከላከያ አለው፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ” ይለኝ ነበር በጣቱ እያሳየኝ። “ይሄን ይዤ መድረክ ብወጣ ፈረስ የጋጠው ነው የሚሉኝ።”

መድረክ የሚለው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ የነበረ አንድ የሙዚቃ ቤት ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ሲጫወት ሰምቶት “ጊታርህን አሳምረህ ና” ብሎታል። ትንሤ በዚህች ቃል ነበር የሚኖረው። ሲበላ እሷን፣ ሲጠጣ እሷን፣ ጫማውን ሲያስጠርግ እሷን።

እናቴ ግን ለሌላ ሰው ሌላ ቃል ሰጥታ ነበር። ትንሤ ምብራትን እንዲያገባ።

ምብራት የእትዬ አባይነሽ አንድ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝም ያለች፣ ሳቋን እንኳ ወደ ውስጥ የምትስቅ ልጅ ነበረች። የጧፍ ፍርፋሪ ትሰጠኝና በሰሙ ዶሮ እሠራበት ነበር። እናቷ እትዬ አባይነሽ ጊዮርጊስ በር ላይ የጧፍና የዣንጥላ ሱቅ ነበራቸው። የምንኖርበትም ቤት የእሳቸው ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እምቢ ማለት ዕቃን ጠቅልሎ መውጣት ነበር። ሠርጉ የተቆረጠው በአንድ ውል ነው፦ ትንሤ ጊታሩን ሰቅሎ ሱቅ ሊገባ።

“የአዝማሪ ዕቃ እኔ ደጅ አይደርስም” ብለዋል እትዬ አባይነሽ። “ልጄን ካገባህ ቤቴ ቤትህ፣ ቁልፌ ቁልፍህ ነው።”

ቁልፋቸውን የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም። የሱቁን ቁልፍ በክር አድርገው አንገታቸው ላይ፣ ከቀሚሳቸው ሥር፣ ከማተባቸው ጋር አስረውት ይውላሉ፤ አስረውት ያድራሉ። እንደ ጣት የረዘመ የብረት ቁልፍ ነው። ከሦስቱ ጥርሶቹ መካከለኛው ተሰብሯል። ሲስሙኝ ደረቴን ይወጋኝ ስለነበር እያንዳንዱን ጥርስ አውቀው ነበር። ለክርስትና ልጃቸው እንኳ አደራ የማይሰጡትን ቁልፍ ለትንሤ ሊሰጡት ነው ተብሎ ሰፈሩ ሲቀናበት፣ ትንሤ ግን ምግብ አልዋጥ እያለው መጣ። እኔ ቁልፉን መዋጥ ያለበት መስሎኝ፣ እሱን እያሰበ ነው አልኩ።

በዚያ ሰሞን እትዬ አባይነሽን ደረታቸውን ወጋቸውና ሆስፒታል ሄደው ራጅ ተነሱ። ያኔ ራጅ መነሳት እንደዛሬ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ተሰብስቦ “እንኳን ማርያም ማረችዎ” ይላል። ውጤቱን የሚያመጣ ማን ይላክ? አማች የሚሆነው ልጅ ይላክ። ትንሤ ፀጉሩን ቀብቶ ሄደ፤ ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር።

“እማማ፣ እንደ ብረት ነዎት!” አላቸው ጉልበታቸውን ስሞ። “ሐኪሙ እንዲህ ያለ ደረት አይቼ አላውቅም ነው ያለኝ።”

“ፎቶውስ?”

“ፎቶውን ለጤነኛ አይሰጡም። ለበሽተኛ ብቻ ነው።”

እትዬ አባይነሽ እልል አሉ። ፎቶውን ያልተቀበሉት ጤነኛ ስለሆኑ ነው ብለው ደስታቸው እጥፍ ሆነ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ አስረዱ።

ብዙም ሳይቆይ ትንሤ መሳል ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቀጥሎ እናቴ ወደ ክፍሉ ስትገባ፣ ቀጥሎ የእትዬ አባይነሽ ድምፅ ከበር ሲሰማ። ከዚያ አንድ ቀን ቡናማ ፖስታ በብብቱ ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ዘፍ አለ።

“አሰፉ፣ እኔም ተነስቼ ነበር” አላት እናቴን።

እናቴ የያዘችውን ሳህን ጣለችው። እስከ ዛሬ የማስታውሰው የሳህኑን ድምፅ ነው።

የሁለቱ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ከእትዬ አባይነሽ ጋር ወንድማቸው አቶ ወልደሥላሴ መጡ፤ ሥላሴ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፣ መነጽር አላቸው፣ የማያውቁት ነገር የለም። ትንሤ ራጁን ከፖስታው አውጥቶ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ፀሐይ በሰው ጎድን መሀል አልፋ ወደ ቤታችን ስትገባ ያየሁት ያኔ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጨለማ ውስጥ ነጫጭ አጥንት፣ ከመሀሉ ወደ ጎን ዘንበል ያለች አንዲት ከሁሉ የነጣች ነገር።

“ይቺ ነጭ ነገር ትታያለች?” አለ ትንሤ በጣቱ ግማሿን ሸፍኖ። “ይቺው ናት።”

አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

“አዎ” አሉ። “ይሄ የታወቀ ነው። ሥር ሰዷል።”

አሁን ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ራጅ ማንሳት ነበር፤ ስንትና ስንት የታመመ ሳንባ በእጄ አልፏል። የሳንባ ነቀርሳ ጥርስ የለውም። እጀታም የለውም። አቶ ወልደሥላሴ ሥር ሰዷል ያሉት ነገር የክር ቀዳዳ እንኳ ነበረው።

እትዬ አባይነሽ አጠገቡ ቆመው በሽታውን አዩት፣ አፈጠጡበት። “ወይኔ ልጄን! በቁሙ አልቆ የለም እንዴ!” ብለው ደረታቸውን ሲደቁ ከቀሚሳቸው ሥር ቁልፉ ቀጭ አለ። እኔ ወደሳቸው አየሁ፣ ወደ መስኮቱ አየሁ።

“የእትዬ አባይነሽ ቁልፍ ነው!” አልኩ። “ጥርሱ ተሰብሯል፣ ያውና!”

እናቴ ጭኔን ይዛ ስትጠመዝዘኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ትንሤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እኔ ሕመሙ የተነሳበት መስሎኝ አዘንኩለት።

“ልጅ ናት” አለ በቀስታ። ከዚያ ሳለ። እንዲህ ያለ ሳል ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም፤ ከወገቡ ታጥፎ፣ መስኮቱን ተደግፎ፣ ራጁን ከመስኮቱ አላቆ ፖስታው ውስጥ እየከተተ ሳለ።

በዚያው ዕለት ምክንያቱ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰካ። እትዬ አባይነሽ ቁልፌ ቁልፍህ ብለውት አልነበር? በቃ፣ ቁልፉ ገብቶበታል። ትንፋሹን የቆለፈው እሱ ነው። ቁልፉ ካልወጣ አጎቴ ይሞታል። ማንን ልንገር? የነገርኩት ሁሉ የሚቆነጥጥ ሆነ።

አቶ ወልደሥላሴ ሲወጡ ከበሩ ዘወር ብለው “ፎቶውን እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ። የማውቀው አንድ ፈረንጅ ሐኪም አለ፣ እሱ ይየው” አሉ። ትንሤ “እግዜር ይስጥልኝ” አላቸው። በማግስቱ ጠዋት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዶሮ ጋር ተነሳ።

በረንዳው ላይ ጊታሩን አስተኛው። አሮጌ ጋዜጣ ዘረጋበትና በከሰል እያሻሸ የቀዳዳውን ጠርዝ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ አወጣ። ጎኑን በብርጭቆ አፍ አዙሮ ሣለው፤ ከታች እንደ ማንጎ ፍሬ አሰፋው። ቆርጦ ሲለካው ክሮቹ ሥር ገባበት። ሌላ ቆረጠ። ያ ደግሞ ጠበበ። ያን ያህል ትዕግሥት ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ለእናቴ ሚስማር ምታ ሲባል አውራ ጣቱን የሚመታ ሰው ነው። የጋዜጣው ልክ በመጨረሻ ልክክ ሲል ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ሽኩር መቀስ ተዋሰ። ጋሽ ሽኩር መቀሳቸውን ለሰው የሚሰጡት አስምለው ነው።

“ጨርቅ ብቻ ነው የምትቆርጥበት?”

“ጨርቅ ብቻ፣ ጋሽ ሽኩር። የምሞት ሰው፣ ከዚህ በኋላ ለማን ብዬ እዋሻለሁ?”

ጋሽ ሽኩር “አላህ ያሽርህ” ብለው መቀሱን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

ራጁን ምንጣፍ ላይ አንጥፎ የጋዜጣውን ልክ ላዩ ላይ ያዞረው ጀመር። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አገላብጦ። ሲያዞረው የሚያምርበትን ቦታ የሚፈልግ መሰለኝ። የሚፈልገው ቁልፉ የሌለበትን፣ ጥግ ላይ የታተሙት የሆስፒታል ፊደላትም የሌሉበትን ቦታ ነበር። ሲያገኝ በሚስማር ዙሪያውን ጫረ፤ ከዚያ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቆረጠ። ጎድን እየተገመሰ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያረጠበ አለሰለሰው። አልዘረጋ ብሎ ስለተጠቀለለበት የከሰሉን ካውያ ቁራጩ ላይ ቢሞክር ቁራጩ ተኮማትሮ እንደ ቀንድ ሸተተ፤ ስለዚህ ዋናውን እርጥብ ጨርቅ ደርቦ ለብ ባለ ካውያ ብቻ ተኮሰው። የአናጢ ኮላ በሰርዲን ቆርቆሮ አቅልጦ ቀባ፣ ለጠፈ፣ ሙቀጫውን ጫነበት። ሲደርቅ ከተሰበረ የጠረጴዛ ሰዓት በነቀላቸው ትንንሽ ብሎኖች ጥግ ጥጉን አሰረው።

እግዜር ይየኝ፣ ያምር ነበር! ጥቁሩ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጎድኖቹ የእንጨቱን ቀለም ይዘው በጨለማው ውስጥ ተሰድረዋል። ዛሬም የሠራው እጅ ከሠራው ሰው የተሻለ እንደነበር እመሰክራለሁ።

የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ ከሰሉ ላይ ሲጥል እኔ በባዶ እግሬ አንዷ ላይ ቆሜ ነበር። ቁልፏ ያለችባት ላይ። ዞር ሲል አነሳኋትና የሰም ዶሮዎቼን በማስቀምጥባት የከረሜላ ጣሳ ውስጥ ከተትኳት። ቁልፉን አወጣሁለት! አሁን ይድናል።

እሑድ አቶ ወልደሥላሴ ከእህታቸው ጋር መጡ። “ፎቶው?” አሉ። ትንሤ ጊታሩን ከጀርባው አወጣ።

“እኔ እንደሁ ላልቆይ ነገር ነው” አለ፣ ድምፁን ከየት ጉድጓድ እንዳወጣው እንጃ። “ደረቴ ከእኔ ጋር አፈር ከሚበላው ከጊታሬ ጋር ይቅር ብዬ ነው።”

እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ጮኸች። አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አሁን ለዕውቀት ሳይሆን ለእንባ። ስለ ፈረንጁ ሐኪም ያነሳ አልነበረም። እትዬ አባይነሽ የትንሤን ራስ በሩቁ ባረኩና “ልጄን ለሳንባ በሽተኛ ልሰጥ አልችልም፤ አንተም አትፈርድብኝም” አሉ። አልፈረደባቸውም። ቤቱንም አላስለቀቁንም፤ የሚሞት ሰው ያለበትን ቤት ማን ያስለቅቃል?

ምብራት በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እናቷ ናቸው ትንፋሹ እንዳይደርስሽ ብለው ያስሸፈኗት።

ከዚያ የቅቤው ዘመን መጣ። እናቴ ለሳንባ ይበጃል የተባለውን ሁሉ ለትንሤ አቀረበች፦ ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ቅቤ ያለቀሰ ፍትፍት፣ ማታ ወተት ከማር ጋር። የእሱ ሳህን ለብቻ፣ ኩባያው ለብቻ፤ እኔ ሳህኑን እንዳልልስ ዱላ ይቆምልኛል። እኛ ሽሮ እየበላን ባይኔ እያየሁት ወፈረ። በሳንባ በሽታ ሲወፍር ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። ደጅ ሲጫወት መምቻዋ ጎድኖቹን በቧጨረች ቁጥር እኔን ያመኝ ነበር። እናቴ ግን ጓዳ ገብታ አፏን በቀሚሷ አፍና ታለቅሳለች። ለቅሶዋን አስታውሳለሁ፤ ለዚያ ለቅሶ ነው ትንሤን ይቅር ያላልኩት።

ሠርጉ ፈርሶ፣ ወሬው ረግቶ፣ ትንሤ ጠበል ሄደና ድኖ መጣ። ሰፈሩ ጊዮርጊስ ማረው አለ። እኔ ጣሳዬን አቀፍኩ፤ ማን እንዳዳነው አውቃለሁ። ወዲያው ሙዚቃ ቤቱ ገባ፤ ባለ አጥንቱ ጊታር ተባለና ሰው ሊያየው ይጎርፍ ጀመር። እትዬ አባይነሽም ልጃቸው ከበሽታ ስለተረፈች ለቤተክርስቲያን ዣንጥላ ስለት አስገቡ።

ምብራት ግን አልተረፈችም። የዚያ የሳንባ በሽተኛ እጮኛ ነበረች ተባለ። አንድ ሽማግሌ ሊጠይቃት ቢነሳ ሌላው “ተው፣ ሳይለክፋት አይቀርም” ይለዋል። እሱ ዳነ፤ እሷን ያየ ግን ይሸሻል። ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች፣ ጧፍ ስትቆጥር ፀጉሯ ሸበተ።

እኔ አድጌ ራጅ ክፍል ገባሁ። ቁልፍ ሳንባ ውስጥ እንደማይገባ ያኔ ተማርኩ፤ ልጅነት ነው፣ የሆነ ጥላ ይሆናል ብዬ ጣሳዬን ረሳኋት። እናቴም እውነቱን ሳታውቅ ሞተች። መንግሥት ተለወጠ፣ የእትዬ አባይነሽ ቤቶች ተወረሱ፣ ሱቋ ብቻ ተረፈቻቸው። አንድ ቀን ምብራት ደግፋቸው እኔ ክፍል መጡ። እንደገና ደረታቸውን ወግቷቸው ነው።

“እትዬ፣ አንገትዎ ላይ ያለውን ያውልቁልኝ” አልኳቸው።

“ይሄን? ይሄን ያስወለቀኝ ሐኪም የለም! ያኔም አንዱ ሞክሮ ነበር፣ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ።”

ጳጳስን እንኳ መስቀሉን የማስወልቅ ሰው እሳቸውን ማሸነፍ አቃተኝ። እንዲያው አነሳኋቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት፤ ያቺ ነጭ ነገር ከመሀል ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ መካከለኛ ጥርሷ ተሰብሮ፣ ፊት ለፊቴ። ገና አፌን ሳልከፍት እትዬ አባይነሽ ከኋላዬ ጮኹ።

“እሱ ነው! የትንሤ በሽታ! ያቺ ነጭ ነገር፣ ያውላችሁ! ይኸው አስይዞኝ ኖሯል!”

ልስቅ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቁ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። ምብራትን ሳያት ተመለሰ።

“እትዬ፣ ቁልፉን ያውልቁ” አልኩ፣ በዚህ ጊዜ በቁጣ።

ፈርተው ስለነበር አወለቁት። የሚያምኑት ሌላ ሰው ስለሌለ ለምብራት ሰጧት። ደግሜ አነሳኋቸው፤ ሁለተኛውን ፊልም ከመጀመሪያው ጎን ሰቀልኩት። ንጹሕ ደረት። እሳቸው መጋረጃው ኋላ ሲለብሱ ምብራት መብራቱ ፊት ቆማ አንዴ መዳፏ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ አንዴ ፊልሙን አየች። የቁልፉን ስባሪ ጥርስ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

“የኛ ቁልፍ ነው” አለች።

“አዎ።”

“ያኔ አንቺ ብለሽ ነበር። ነግረውኛል፤ ስቀውብሽ።” ፊልሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች። “ጊታሩስ ላይ ያለው?”

“የእናትሽ ደረት ነው፣ ምብራት። ትንሤ ምንም አልነበረበትም።”

እንድታለቅስ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም።

“እኔ እኮ ሳል ሲመጣብኝ ጓዳ ገብቼ ትራስ እነክስ ነበር” አለች። “ሰው እንዳይሰማኝ። ጉንፋን እንኳ ሲይዘኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን።”

እትዬ አባይነሽ መጋረጃውን ገልጠው እጃቸውን ዘረጉ። “ቁልፌን ወዲህ በይ።”

ምብራት ክሩን በራሷ አጥልቃ ቁልፉን ከቀሚሷ ሥር ከተተችው። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

“ከእንግዲህ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ እማዬ” አለች። “ይምጡ፣ እንሂድ።”

እናቷ የዘረጉትን እጃቸውን መልሰው ተከተሏት። በኮሪደሩ በሽተኛ ሞልቶ ተሰልፎ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ራሷን ቀና አድርጋ ስታልፍ፣ ምብራት ጮክ ብላ፣ ደጋግማ፣ አፏን ሳትሸፍን ስትስል እስከ ደጁ ድረስ ተሰማኝ።